ፕሮግራሙ ከየት ነው የተነሳው? ፍላሽ፣ ሃርድ ዲስክ ወይስ ሰርቨር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጠሙ። ፕሮግራም የሚጽፉ አንባቢዎች «ፕሮግራሜ ከምን ዓይነት ድራይቭ ላይ እንደተከፈተ በምን ይወቅ?» ብለው ጠይቀዋል። ሁሉም የጠየቁበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው፤ መልሱም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ላይ ጨፍልቄ ከምመልስ በየተራ ልሂድ።

ጥያቄ፦ ሰላም። የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ በፍላሽ ነው የማዞረው። ከፍላሽ ሲከፈት ዳታውን እዚያው ፍላሹ ላይ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ደግሞ የተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ እንዲያስቀምጥ ፈለግሁ። ለዚህ የድራይቭን ዓይነት በቁጥር የሚመልሰውን የዊንዶውስ ተግባር «ጌት ድራይቭ ታይፕ»ን ተጠቀምኩ። በእኔ ፍላሽ 2 መለሰልኝ፤ ደስ አለኝ። አንድ ደንበኛዬ ግን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጦ ከፈተው፤ 3 መለሰ። ዳታው በሙሉ ያን ቀን የተጠቀመበት ኮምፒውተር ላይ ቀረ። ሌላ ቦታ ሄዶ ሲከፍተው ባዶ! የት ጋ ነው የተበላሸው? (ኮድ ጻፊው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮድህ አልተበላሸም። ዊንዶውስም አልዋሸህም። አንተ የጠየቅከው ሌላ፣ ማወቅ የፈለግከው ሌላ ሆኖ ነው።

ይህ ተግባር የሚመልሳቸው ቁጥሮች ከ0 እስከ 6 ናቸው። 0 «ምን እንደሆነ አላወቅሁም» ነው። 1 «እዚህ አድራሻ ላይ ምንም የለም» ነው። 2 ተነቃይ፣ 3 ቋሚ፣ 4 የኔትወርክ፣ 5 ሲዲ ወይም ዲቪዲ፣ 6 ደግሞ ራም ላይ የተፈጠረ ዲስክ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው 2 እና 3 ላይ ነው። ተነቃይ ሲባል ከኮምፒውተሩ የሚነቀል ዕቃ ሁሉ ይመስለናል። ዊንዶውስ የሚለው ግን እንደዚያ አይደለም። ድራይቩ ባለበት ተቀምጦ ውስጡ የገባው ነገር ብቻ የሚወጣ ከሆነ ነው 2 የሚለው። ፍሎፒ እንዲህ ነበር፤ ዲስኬቱ ይወጣል፣ ድራይቩ ይቀራል። ካርድ ሪደርም እንዲሁ ነው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግን የሚነቀለው ከነሳጥኑ ነው። ዲስኩ ከሳጥኑ አይወጣም፤ ስለዚህ በዊንዶውስ ዓይን ሳሎን ውስጥ እንደተቸነከረ ቁምሳጥን ቋሚ ነው።

ታዲያ ፍላሽስ? ከፍላሽ ውስጥም የሚወጣ ነገር የለም እኮ። እውነት ነው። ፍላሽ 2 የሚሆነው ራሱ እንደዚያ ብሎ ስለሚናገር ነው። ማከማቻ ዩኤስቢ ላይ ሲሰካ ኮምፒውተሩ «ማን ነህ? ምን ዓይነት ነህ?» የሚል ትዕዛዝ ይልክለታል፤ ትዕዛዙ በስካዚ (ኮምፒውተርና ማከማቻ በሚነጋገሩበት ደንብ) «ኢንኳየሪ» ይባላል። ዕቃው ከሚመልሰው መልስ ሁለተኛው ባይት ላይ፣ ከላይ በኩል የመጀመሪያዋ ቢት 1 ከሆነች «ተነቃይ ነኝ» ማለቱ ነው፤ 0 ከሆነች «ቋሚ ነኝ» ማለቱ ነው። በቃ፣ አንዲት ቢት ናት። አብዛኞቹ የፍላሽ ፋብሪካዎች 1 ያደርጓታል፤ ግን ግዴታ የለባቸውም። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 8 ጋር ይዞት የመጣው «ዊንዶውስ ቱ ጎ» የሚባል ነገር ነበር፤ ዊንዶውስን በፍላሽ ይዞ መዞር የሚያስችል። ለእሱ የተፈቀዱት ፍላሾች ሆነ ተብሎ «ቋሚ ነኝ» እንዲሉ ነው የተሠሩት። ስለዚህ 3 የሚልህ ፍላሽ ቢያጋጥምህ አትደንግጥ።

አሁን ወደ መፍትሔው። ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ጠለቅ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው ጭራሽ አለመጠየቅ። እኔ ለአንተ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፤ ግን የመጀመሪያውን ሳልነግርህ ባልፍ ደስ አይልህም።

መጀመሪያ የፕሮግራሙን ትክክለኛ አድራሻ ያዝ። ለዚህ «ጌት ሞጁል ፋይል ኔም» አለልህ። አሁን ያለህበትን ፎልደር አትጠቀም፤ ሰው በሾርትከት ከከፈተው ያ ፎልደር ሌላ ድራይቭ ላይ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ለ«ጌት ድራይቭ ታይፕ» በአድራሻው ፋንታ ናል (ምንም አድራሻ የለም ማለት ነው) ብትሰጠው ስህተት አይልህም፤ ዝም ብሎ አሁን ያለህበትን ፎልደር ድራይቭ ይመልስልሃል። በራስህ ኮምፒውተር ስትሞክረው ሁልጊዜ ልክ ይሆናል፤ ሰው እጅ ሲገባ ነው የሚበላሸው።

ቀጥሎ 4 ወይም 5 ካልሆነ ድራይቩን በ«ክሪኤት ፋይል» ክፈተውና በቀጥታ ጠይቀው። አጻጻፉ «\\.\ኢ:» ዓይነት ነው፤ በኢ ቦታ የራስህን ድራይቭ ፊደል አስገባ። ልብ በል፦ «ጌት ድራይቭ ታይፕ» መጨረሻው ላይ ባክስላሽ ይፈልጋል፣ «ኢ:\» ብለህ ነው የምትሰጠው። «ክሪኤት ፋይል» ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ባክስላሽ ካስቀረህ ድራይቩን ይከፍታል፣ ካስገባህ ግን የሚከፍተው ዋናውን ፎልደር ነው፤ ጥያቄህም አይመለስም። ብዙ ሰው እዚህች ነጥብ ላይ ነው ግማሽ ቀኑን የሚያቃጥለው። የምትጠይቀውን የመዳረሻ ፈቃድ 0 አድርገው። ማንበብም መጻፍም አልጠየቅክም፣ ስለ ዕቃው መረጃ ብቻ ነው የፈለግከው፤ ስለዚህ የአድሚን መብት አያስፈልግህም።

ከዚያ «ስቶሬጅ ኩዌሪ ፕሮፐርቲ» የሚባለውን ትዕዛዝ ላክ። በሚመጣው መልስ ውስጥ «ባስ ታይፕ» የሚል ቁጥር አለ፤ ዕቃው በየትኛው መስመር እንደተገናኘ ይነግርሃል። 7 ዩኤስቢ ነው። 11 ሳታ ነው። 17 ኤንቪኤምኢ ነው፤ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተሩ የውስጥ ዲስኮች የሚገናኙባቸው መስመሮች ናቸው። 12 እና 13 ኤስዲና ኤምኤምሲ ናቸው፤ እነሱን ስታይ ግን «ሚሞሪ ካርድ ነው» ብለህ አትቸኩል፤ ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ዋና ማከማቻቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ኢኤምኤምሲ ስለሆነ ከዚያው ቤተሰብ ቁጥር ይሰጣሉ። የደንበኛህ ኤክስተርናል ግን 7 ይልህ ነበር፤ ችግርህም እዚያው ያበቃ ነበር።

7ም ቢሆን ሁሉን አይዝም። በተንደርቦልት የሚሰካ ኤስኤስዲ ከውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት 17 ነው የሚለው፤ መስመሩ ያው ስለሆነ። ስለዚህ ጥያቄህ «ይሄ ነገር በሥራ መሃል ሊነቀል ይችላል ወይ?» ከሆነ «ጌት ሆትፕለግ ኢንፎ» የሚባለውንም ጨምረህ ጠይቅ። እሱ ውስጡ ያለው ነገር ይወጣል ወይ የሚለውንና ዕቃው ራሱ ይነቀላል ወይ የሚለውን ለያይቶ ይመልሳል።

አሁን ሁለተኛው መንገድ። አንተ የፈለግከው ዳታው ከፕሮግራሙ ጋር እንዲዞር ነው። ይሄ የድራይቩ ጉዳይ አይደለም፤ የሰውየው ምርጫ ነው። ፍላሽ ላይ አስቀምጦ ዳታውን ኮምፒውተሩ ላይ የሚፈልግ ሰው ይኖራል፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ሁሉም ነገር በአንድ ፎልደር እንዲሆን የሚፈልግም ይኖራል። ታዋቂ ፕሮግራሞች ይህን በቀላሉ ነው የገላገሉት። ቪኤስ ኮድ በዚፕ የወረደ ከሆነ አጠገቡ «ዳታ» የሚል ፎልደር አለ ወይ ብሎ ያያል። ካለ ሁሉንም እዚያ ያስቀምጣል፤ ከሌለ የተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስም አጠገቡ አንዲት ምልክት ፋይል ካገኘ ሴቲንጉን እዚያው ይይዛል። አንተም ለፍላሽ በምታዘጋጀው ኮፒ ውስጥ ባዶ ፎልደር ጨምር፣ አለቀ። የትም ይገልበጥ፣ በምንም ይሰካ፣ ባህሪው አይለወጥም።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። «እዚህ መጻፍ ይቻላል ወይ» ብለህ ትንሽ ፋይል ጽፈህ የምትሞክር ከሆነ፣ ፕሮግራምህ ባለ 32 ቢት ሆኖ ማኒፌስት (ምን መብት እንደሚፈልግ ለዊንዶውስ የሚነግር መግለጫ) ከሌለው ዊንዶውስ ሊሸውድህ ይችላል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ እንዲህ ያሉ አሮጌ ፕሮግራሞች «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ሲጽፉ ስህተት አይደርሳቸውም፤ ፋይሉ «ቨርቹዋል ስቶር» ወደሚባል የተጠቃሚው የግል ፎልደር ይዞራል። ፕሮግራሙ ጻፍኩ ይላል፣ ፋይሉ ግን እዚያ የለም። ማኒፌስት ጨምርና ተገላገል።

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ? ተማሪ ነኝ። በፓይተን የሠራሁትን ፕሮግራም በ«ፓይኢንስቶለር» ወደ አንድ ፋይል ቀይሬ ፍላሽ ላይ አደረግኩት። ከየት እንደተከፈተ እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ግን ሁልጊዜ ሲ ነው የሚለኝ። ፍላሹ ኤፍ ላይ ነው ያለው፤ በዓይኔ እያየሁት! (ተማሪዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ፕሮግራምሽ የሚልሽ እውነቱን ነው። ወደ አንድ ፋይል ስትቀይሪው ፓይኢንስቶለር ኮዱንና ላይብረሪዎቹን አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል። ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ጥቅሉ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይፈታና ከዚያ ነው የሚሠራው። ያ ፎልደር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሲ ላይ ነው። አንቺ አድራሻውን የወሰድሽው በሁለት በኩል ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ ካለው «ፋይል» ከሚባለው ተለዋዋጭ መሆን አለበት፤ እሱ የሚያሳየው የተፈታውን ኮፒ ነው። «ሲስ» ከሚለው ሞጁል ውስጥ «ኤግዚኪውተብል» የሚለውን ተጠቀሚ። እሱ ሰውየው ክሊክ ያደረገውን ዋናውን ፋይል ነው የሚሰጥሽ፤ ኤፍን ታያለሽ።

ኮዱን ገና ሳትጠቀልዪው ስትሞክሪው ግን ይኸው «ኤግዚኪውተብል» ፓይተን የተጫነበትን ቦታ ነው የሚሰጥሽ። ስለዚህ ሁለቱን ሁኔታ ለይ። ከሲስ ሞጁል ላይ «ፍሮዝን» የሚል ምልክት ካለ ተጠቅልሏል፤ ከሌለ ደግሞ የኮዱን ፋይል አድራሻ ተጠቀሚ።

በሊኑክስ «አፕኢሜጅ» (ፕሮግራምን በአንድ ፋይል የሚጠቀልል አሠራር) የሚጠቀሙ ሰዎችም ይኸው ያጋጥማቸዋል። አፕኢሜጅ ሲከፈት ጊዜያዊ ቦታ ላይ እንደ ዲስክ ይሰካል፤ ፕሮግራሙም ከዚያ የተነሳ ይመስለዋል። እዚያ መፍትሔው ከኢንቫይሮመንት ላይ «አፕኢሜጅ» የሚባለውን ተለዋዋጭ ማንበብ ነው፤ የዋናው ፋይል አድራሻ እሱ ውስጥ ነው።

ማክ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ከ2016ቱ ሲየራ ጀምሮ፣ ከኢንተርኔት የወረደ አፕ ተጠቃሚው ራሱ ወደ ሌላ ቦታ ሳያዛውረው ከተከፈተ፣ ሲስተሙ በዘፈቀደ ስም በተሰየመና ሊጻፍበት በማይችል ቦታ አድርጎ ነው የሚያስነሳው። ሆነ ተብሎ ለደኅንነት የተደረገ ነው። አፑ አጠገቡ ያለውን ፋይል ፈልጎ ያጣል፤ ሠሪውም ፀጉሩን ይነጫል። መፍትሔው ተጠቃሚው አፑን በፋይንደር ጎትቶ አፕሊኬሽንስ ውስጥ እንዲያስገባው መንገር ነው።

ጥያቄ፦ በሊኑክስስ? ዊንዶውስ ብቻ ነው እንዴ የምታወሩት? (ተርሚናል ወዳጅ)

መልስ፦ እሺ፣ ተራህ ደረሰ። ሊኑክስ ላይ ሁሉም ነገር ፋይል ስለሆነ ሥራው ያምራል፤ ትንሽ መንገድ መከተል ብቻ ነው።

«/ፕሮክ/ሰልፍ/ኤግዚ» የሚለው ሊንክ የፕሮግራምህን ፋይል ይጠቁማል። እሱን በ«ስታት» (የፋይልን መረጃ በሚሰጠው ጥሪ) ጠይቀው። ከሚመጣው ውስጥ የዕቃውን መለያ ውሰድ፤ ሁለት ቁጥር ነው፣ ለምሳሌ 8 እና 17። «/ሲስ/ዴቭ/ብሎክ» ውስጥ ገብተህ «8:17» የሚለውን ፈልግ። እሱም ሊንክ ነው፤ ረጅም አድራሻ ይዞ ወደ ትክክለኛው ዕቃ ይወስድሃል። አድራሻው ውስጥ «ዩኤስቢ» የሚል ክፍል ካገኘህ ዕቃው ከዩኤስቢ ጀርባ ነው ያለው። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያስፈልግህም።

«ሪሙቨብል» የሚለው ፋይልም እዚያው አካባቢ ነው፤ 0 ወይም 1 ይላል። ግን ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፍልፋይ) ውስጥ አትፈልገው፤ አንድ ደረጃ ወደ ላይ፣ ዋናው ዲስክ ውስጥ ነው ያለው። ትርጉሙም ለኮድ ጻፊው ወንድማችን ከላይ እንደነገርኩት ነው፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እዚህም 0 ነው የሚለው። በእጅ ለማየት ከሆነ «ኤልኤስብሎክ»ን ጥራና «አርኤም»፣ «ሮታ» እና «ትራን» የሚሉትን ዓምዶች ጠይቀው፤ ሦስተኛው መስመሩን በግልጽ ይጽፍልሃል።

የሚያስቸግረው ዲስኩ በቀጥታ ሳይሆን በመሃል ሌላ ሽፋን ሲኖረው ነው። በቢትርኤፍኤስ ወይም በኦቨርሌይ የፋይል ሲስተም ላይ ከሆንክ የመጀመሪያው ቁጥር 0 ይመጣና ሊንኩን ታጣዋለህ፤ ያኔ «/ፕሮክ/ሰልፍ/ማውንትኢንፎ»ን አንብበህ ከየትኛው ዕቃ እንደተሰካ ፈልግ። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ ወይም ኤልቪኤም (ዲስኮችን አጣምሮ የሚከፋፍል ሽፋን) ካለው ደግሞ የምታገኘው «ዲኤም» የሚል ስም ነው። እሱ ውስጥ «ስሌቭስ» የሚል ፎልደር አለ፤ እየከፈትክ ወደ ታች ውረድ፣ መጨረሻ ላይ እውነተኛው ዲስክ ይጠብቅሃል። ኮንቴነር (ፕሮግራምን ከቀረው ሲስተም ነጥሎ የሚያሠራ ሳጥን) ውስጥ ከሆንክ ግን ተወው፤ እዚያ የድራይቭ ዓይነት መጠየቅ ራሱ ትርጉም የለውም።

ጥያቄ፦ የምሠራው ፕሮግራም ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ያነባል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ በብዙ ትሬድ (በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሥራዎች)፣ ባለ መርፌው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ በአንድ ትሬድ እንዲያነብ ላደርገው አስቤያለሁ። በምን ይለየው? (ፍጥነት ፈላጊ)

መልስ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሃርድ ዲስክ መርፌው ከቦታ ቦታ እየተመላለሰ ነው የሚያነበው፤ ብዙ ትሬድ በአንድ ጊዜ ሲጠይቀው ምልልሱ ይበዛና ከአንዱ ትሬድ እንኳ ሊብስ ይችላል። ኤስኤስዲ መርፌ የለውም፤ ብዙ ጥያቄ በአንዴ ሲደርሰው እንዲያውም ይወደዋል።

ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ በዚያው «ስቶሬጅ ኩዌሪ ፕሮፐርቲ» በኩል «ሲክ ፔናልቲ» (መርፌው ቦታ ሲቀይር የሚባክን ጊዜ) አለበት ወይ ብለህ መጠየቅ ትችላለህ። አለ ካለህ የሚሽከረከር ነው፤ የለም ካለህ ኤስኤስዲ ነው ብለህ ያዘው። በሊኑክስ «ኪው» ፎልደር ውስጥ «ሮቴሽናል» የሚል ፋይል አለ፤ 1 ይሽከረከራል፣ 0 አይሽከረከርም።

ዩኤስቢ ላይ ግን አትመነው። ዕቃው በዩኤስቢ መቀየሪያ በኩል ሲያልፍ ይህ መረጃ ብዙ ጊዜ አይተላለፍም። ሊኑክስ ላይ ፍላሽ ሰክተህ ብታየው 1 ሊልህ ይችላል፤ ምንም የሚሽከረከር ነገር ሳይኖረው! ካልተነገረው 1 ነው ብሎ ስለሚነሳ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥም ከስር ያለው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ዝም ብሎ አንዱን ይልሃል። ዊንዶውስ ላይ ጥያቄው ጭራሽ ሳይመለስ ስህተት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ስህተቱን «ሃርድ ዲስክ ነው» ብለህ አትተርጉመው፣ «አላውቅም» በለው።

እኔ ብሆን የዲስኩን ስም ከማጣራ ፍጥነቱን ልለካ። ፕሮግራሙ በሁለት ትሬድ ይጀምር፤ የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ሲያነብ ሰዓት ይያዝ፤ ትሬድ ሲጨምር ከፈጠነ ይቀጥል፣ ካልፈጠነ ይመለስ። ይህ ለኔትወርክ ድራይቭም ይሠራል። ግን ያንኑ ፋይል ለሁለተኛ ጊዜ ስታነብ ከራም ስለሚመጣ በልኬትህ ላይ ይህን አስብበት፤ አለዚያ ሁሉም ዲስክ ፈጣን ነው የሚመስልህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው፣ ግን እስካሁን ፕሮግራም እጽፋለሁ። ከፍላሽ የሚሠራው ፕሮግራሜ ተጠቃሚው ፍላሹን ድንገት ሲነቅል ይሞታል፤ አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ከደቂቃዎች በኋላ። ፋይል ከፍቼ አልተውኩም። ፕሮግራሙ አንዴ ከተነሳ በኋላ ራም ላይ አይደለም እንዴ ያለው? (አንጋፋው)

መልስ፦ እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው? ጥያቄዎ ከሁሉም የጣመኝ ነው።

ፕሮግራም ሲነሳ ሙሉ በሙሉ ራም ላይ አይወጣም። ዊንዶውስ የፕሮግራሙን ፋይል ከሚሞሪ ጋር ያዛምደዋል እንጂ ሁሉንም አያነበውም፤ አንድ ገጽ ኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ ያኔ ከዲስኩ ያመጣዋል። ራም ሲጠብበት ደግሞ አንዳንድ ገጾችን ይጥላቸዋል፤ «ከፋይሉ መልሼ አመጣዋለሁ» ብሎ ነው። ፍላሹ ከተነቀለ መልሶ የሚያመጣበት የለም። ስለዚህ ፕሮግራምዎ የሚሞተው ገና ያልተጫነ ኮድ ላይ ሲደርስ ነው። ተጠቃሚው እስካሁን ያልነካውን አንድ ሜኑ ይጫናል፤ ያ ኮድ ፍላሹ ላይ ቀርቷል፤ «ኢን ፔጅ ኤረር» የሚባለው ስህተት ይመጣና ያልቃል። አንዴ ወዲያው፣ አንዴ ቆይቶ የሆነብዎት ለዚህ ነው።

ደስ የሚለው፣ መፍትሔው ከድሮም አለ። ማይክሮሶፍት ሊንከሩ (ኮዱን ወደ መጨረሻው የፕሮግራም ፋይል የሚያገጣጥመው መሣሪያ) ላይ «ስዋፕራን» የሚባል አማራጭ አለው፤ አንዱ ለሲዲና ለተነቃይ፣ አንዱ ለኔትወርክ። ሲጠቀሙበት በፕሮግራሙ ፋይል ራስጌ ላይ አንዲት ምልክት ትቀመጣለች፤ ዊንዶውስ ፕሮግራሙ ከተነቃይ ድራይቭ ወይም ከኔትወርክ እንደተነሳ ካየ ፋይሉን መጀመሪያ ገልብጦ ከስዋፕ (ለራም ማገዣ ዲስክ ላይ ከሚይዘው ቦታ) ያስነሳዋል። የድራይቩን ዓይነት የሚለየው ዊንዶውስ ራሱ ነው፤ እርስዎ አንድ መስመር ኮድ አይጽፉም። ግን «ተነቃይ» የሚለው እዚህም ከላይ ለኮድ ጻፊው በነገርኩት በዚያችው ቢት ነው የሚወሰነው፤ 3 በሚለው ኤክስተርናል ላይ ምልክቷ አትረዳዎትም።

ለዚያኛው የሚያዋጣው ሌላ ነው። ዋናው ፋይል ትንሽ አስጀማሪ ይሁን። ሥራውን የሚሠራውን ክፍል ወደ ኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ፎልደር ይገልብጥና ያስነሳ፤ ራሱ ይዘጋ። አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ ፕሮግራሙ ከፍላሹ ላይ እየሠራ ሳለ ተጠቃሚው በደንብ ልንቀል ብሎ ኤጀክት ሲል «ዕቃው በሥራ ላይ ነው» የሚለው መልእክት ይመጣበት ነበር፤ ሰውም ተሰላችቶ ዝም ብሎ ይነቅለዋል። ፋይሉ ፍላሹ ላይ ካልተያዘ ኤጀክት በሰላም ይሆናል። የሥራ ፎልደሩንም ከፍላሹ ማንሳት አይርሱ፤ እሱ ብቻውን ድራይቩን ይዞ ያስቀራል።

ዳታው ፍላሹ ላይ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን መዝገብ ሲያስቀምጡ «ፍለሽ ፋይል ባፈርስ»ን (ራም ላይ የቆየውን ወዲያው ዲስኩ ላይ የሚያጽፈውን ተግባር) ይጥሩ። ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1809 ጀምሮ ለዩኤስቢ ማከማቻ ከመነሻው የተመረጠው «ፈጣን መንቀል» የሚባለው ነው፤ ሲስተሙ በራም ላይ ብዙ አያቆይም። ያም ሆኖ ፕሮግራሙ ራሱ ያቆየውን ማንም አይጽፍለትም።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሜን ሰው እንዳይገለብጠው ከአንድ ፍላሽ ጋር ላስረው ፈልጌያለሁ። የድራይቩን ሲሪያል ቁጥር አንብቤ ካልተመሳሰለ እንዳይከፈት። ይሆናል? (ሰርቄ አላስበላም)

መልስ፦ የትኛውን ሲሪያል ነው ያነበብከው? «ጌት ቮልዩም ኢንፎርሜሽን» የሚሰጥህ ቁጥር የዕቃው አይደለም፤ ፎርማት ሲደረግ የሚፈጠር ነው። ደንበኛህ ፍላሹን ፎርማት ካደረገ ቁጥሩ ይለወጥና የከፈለበት ፕሮግራም ይዘጋበታል። ሌባው ደግሞ ያንን ቁጥር በሌላ ፍላሽ ላይ በቀላሉ ይጽፈዋል፤ ፍላሹን በሙሉ ኢሜጅ አድርጎ ቢገለብጠው እንኳ ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል። ከራሱ ከዕቃው የሚመጣው ሲሪያል ይሻላል፤ በዚያው «ስቶሬጅ ኩዌሪ ፕሮፐርቲ» መልስ ውስጥ ይገኛል። ግን ሁሉም ፍላሽ የራሱ ሲሪያል የለውም፤ አንዳንዱ ባዶ ነው፣ አንዳንዱ ከወንድሞቹ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ የዩኤስቢ ቁልፍ አለ፤ ዶንግል ይሉታል። ገንዘቡ ያን ያህል የሚያስፈራህ ከሆነ እሱን ግዛ። አለዚያ በፍላሽ ሲሪያል የምታስቸግረው የከፈለህን ሰው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አጭር ነው። ዜድ የሚባል ድራይቭ አለኝ፤ በ«ሰብስት» የሠራሁት። ፕሮግራሜ ከዜድ ሲከፈት 3 ይላል፤ ግን ዜድ የሚባል ዲስክ የለኝም። እንዴት ነው እውነተኛውን ቦታ የማገኘው? (ዜድ)

መልስ፦ ሰብስት ፎልደርን በድራይቭ ፊደል መጥራት ብቻ ነው፤ ዓይነቱ ከስር ያለው ድራይቭ ዓይነት ይሆናል። የፕሮግራሙን ፋይል ራሱን ለማንበብ ክፈተውና «ጌት ፋይናል ፓዝ ኔም ባይ ሃንድል»ን ጥራ፤ ከቪስታ ጀምሮ አለ። እውነተኛውን አድራሻ ከነድራይቩ ይሰጥሃል። በፊደል ፋንታ የቮልዩሙን መለያ እንዲሰጥህ ብትጠይቀው፣ ድራይቩ ፊደል ሳይኖረው ፎልደር ላይ የተሰካ ቢሆን እንኳ አያመልጥህም። የኔትወርክ ከሆነ ግን በዚህ መልኩ ስትጠይቀው ስህተት ነው የሚመልስልህ፤ ስለዚህ መጀመሪያ በ«ጌት ድራይቭ ታይፕ» 4 አለመሆኑን አጣራ። ሁለት ባክስላሽ ብሎ በሰርቨር ስም የሚጀምር አድራሻ ቢመጣብህም ያው «ጌት ድራይቭ ታይፕ» ይሠራል፤ የሼር ስሙ ድረስ ቆርጠህ መጨረሻው ላይ ባክስላሽ ጨምርለት።

ሁሉንም ድራይቭ በየተራ የምትጠይቅ ከሆነ ደግሞ ከመጀመርህ በፊት «ሴት ኤረር ሞድ»ን አስተካክል። ካላስተካከልክ ባዶ ካርድ ሪደር ላይ ስትደርስ «ድራይቩ ውስጥ ዲስክ የለም፣ አስገባ» የሚል ሳጥን ተጠቃሚው ፊት ይደነቀራል።